ከሩቅ የሚመጡ የበጋ ወፎች፦ ብርቆቹን የትና መቼ እናያቸዋለን?

ኅዳር ላይ አዲስ አበባ ቄራ አካባቢ ቀና ብሎ ያየ ሰው ሰማዩን በጭልፊት ተሞልቶ ያገኘዋል። ሥጋ ለመንጠቅ የሚያንዣብቡ፣ የለመድናቸው፣ ብዙም ልብ የማንላቸው ወፎች ናቸው። ሁሉም አንድ ይመስላሉ። ግን አይደሉም። አንዳንዶቹ እዚሁ ተፈልፍለው እዚሁ ያደጉ ናቸው። ሌሎቹ ከአውሮፓ ወይም ከእስያ ተነስተው፣ ባሕርና በረሃ አቋርጠው የመጡ እንግዶች ናቸው።

መለያው መንቁራቸው ላይ ነው። የአገራችን ጎልማሳ ጭልፊት መንቁር ሙሉ በሙሉ ቢጫ ነው። የእንግዳው መንቁር ጥቁር ሆኖ ሥሩ ላይ ብቻ ቢጫ አለበት። ራሱም ፈዘዝ ያለ፣ ወደ ግራጫ የሚያደላ ነው። አንድ ጥንቃቄ አለ፦ የአገሩ ጭልፊት ሳይጎለምስ መንቁሩ ጥቁር ስለሆነ መንቁሩን ብቻ አይቶ መወሰን ያሳስታል። ራሱንም አብሮ ማየት ያስፈልጋል።

ይህንን ያስቀደምኩት በምክንያት ነው። በበጋ ወደ አገራችን የሚመጡ ብርቅ ወፎችን ማየት የሚፈልግ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ሩቅ መንገድ፣ ውድ መሣሪያና ዕድል የሚያስፈልገው ይመስለዋል። እኔ የማምነው ሌላ ነው። ብርቁ ወፍ ብዙ ጊዜ የሚገኘው በተለመዱት ወፎች መንጋ መሃል ነው። የተለመዱትን አሳምሮ የሚያውቅ ሰው ብርቁን ያየዋል። ከዚያ በኋላ የሚቀረው ውሃው የት እንዳለ፣ ምግቡ የት እንዳለና ወሩ የትኛው እንደሆነ ማወቅ ነው።

ለምን ወደ እኛ ይመጣሉ?

የሰሜኑ ዓለም ክረምት ከእኛ በጋ ጋር ይገጥማል። እነሱ ጋ በረዶ ሲጥል እኛ ጋ ታኅሣሥና ጥር ነው፤ ሰማዩ ጥርት ያለ ነው። ብዙ ሰው ወፎቹ ብርድ ሸሽተው የሚመጡ ይመስለዋል። ላባ ግን ብርድን በደንብ ይከላከላል። ዋናው ጉዳይ ረሃብ ነው። ሐይቁ በረዶ ከሆነ ዳክዬ የምትበላው የላትም። ነፍሳት ከጠፉ ነፍሳት ለቃሚዋ ወፍ መኖር አትችልም። ቀኑም ስለሚያጥር ምግብ የሚፈለግበት የብርሃን ሰዓት ጥቂት ነው።

እኛ ጋ በዚያው ወቅት ነገሩ ሌላ ነው። የሐምሌና የነሐሴ ዝናብ ሐይቁን ሞልቶ፣ ረግረጉን አርሶ አልፏል። ሣሩ ዘር ይዟል። ፌንጣው በሽ ነው። እህሉ ከታጨደ በኋላ ማሳው ላይ ቃርሚያ ይቀራል። ውሃው ቀስ በቀስ ሲሸሽ ደግሞ የሐይቁ ዳር ጭቃ ይጋለጣል። ጭቃው ውስጥ ትሉም ቀንድ አውጣውም አለ። ረጅም መንቁር ያላቸው ወፎች የሚመጡት ለዚሁ ነው።

በኢትዮጵያ ከ850 በላይ የወፍ ዝርያዎች ተመዝግበዋል። ከእነዚህ ውስጥ ወደ 200 የሚጠጉት ከአውሮፓና ከእስያ የሚመጡ መንገደኞች ናቸው። ገሚሶቹ እዚህ ከርመው ይመለሳሉ። ገሚሶቹ ጥቂት አርፈው፣ በልተውና ጠጥተው ወደ ኬንያና ከዚያም ወዲያ ያልፋሉ።

መንገዱን መረዳት ቦታውን ለማግኘት ይረዳል። እንደ ንስር፣ ሽመላና ጥንብ አንሳ ያሉ ትልልቅ ወፎች ክንፋቸውን እያርገበገቡ ሺህ ኪሎ ሜትሮችን አይጓዙም፤ ጉልበታቸው ያልቃል። ምድር በፀሐይ ስትሞቅ ወደ ላይ የሚነሳውን ሞቃት አየር ይጠቀማሉ። ክንፋቸውን ዘርግተው እየተሽከረከሩ ከፍ ይላሉ፤ ከዚያ እየተንሸራተቱ ወደሚቀጥለው ሞቃት አየር ይሄዳሉ። እንዲህ ያለ አየር ባሕር ላይ አይገኝም። ስለዚህ ባሕሩ ጠበብ ወዳለበት ቦታ ይሰበሰባሉ። አንዱ ቦታ በሲናይና በስዊዝ በኩል ነው። ሌላው በየመንና በጅቡቲ መካከል ያለው ባብ ኤል ማንደብ ነው፤ ስፋቱ ወደ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ይህ የስምጥ ሸለቆና የቀይ ባሕር መስመር በየዓመቱ 37 ዝርያ ያላቸው ከ1.5 ሚሊዮን በላይ ትልልቅ ወፎች የሚያልፉበት ነው።

እኔን ከሁሉ የሚገርመኝ የስቴፕ ንስር ነው። ከመካከለኛው እስያ ሜዳዎች ተነስቶ ሲመጣ ብዙውን ጊዜ በባብ ኤል ማንደብ ይሻገራል። ሲመለስ ግን ወደ ሰሜን ወጥቶ በስዊዝ በኩል ይዞራል። የመጣበትና የሚመለስበት መንገድ አንድ አይደለም።

ትንንሾቹ ወፎች ይህ ሁሉ አያስጨንቃቸውም። አብዛኞቹ በሌሊት ይበራሉ፤ ባሕሩንም በረሃውንም ባገኙበት ያቋርጣሉ። አቅጣጫቸውን በፀሐይ፣ በከዋክብትና በምድር መግነጢሳዊ ኃይል ይለያሉ። ለዚህም ነው አንድ ጠዋት ግቢያችሁ ያለ ዛፍ ላይ ትላንት ያልነበረች ወፍ የምታገኙት።

የወቅቱ አቆጣጠር

የመጀመሪያዎቹ እንግዶች ክረምቱ ሳይወጣ፣ ነሐሴ ላይ ይደርሳሉ። እነዚህ በአብዛኛው የሐይቅ ዳር ወፎች ናቸው። መስከረምና ጥቅምት የብዙዎቹ መግቢያ ነው። ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ ቁጥራቸው ከፍ ይላል፤ በየቦታቸውም ይረጋሉ። ለፈላጊ ሰው ምርጡ ጊዜ ይህ ነው። የካቲት ላይ መመለስ ይጀምራሉ፤ ሚያዝያ ሲያልቅ አብዛኞቹ ሄደዋል።

እዚህ ላይ የመስቀል ወፍን ማንሳት ግድ ነው። መስከረም ሲጠባ ብቅ የምትል ደማቅ ወፍ ስለሆነች ከሩቅ አገር የመጣች የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ብዙ ጊዜ በዚህ ስም የሚጠሩት ቀይና ጥቁር፣ ወይም ቢጫና ጥቁር የሆኑት ወፎች ግን ዓመቱን ሙሉ እዚሁ አሉ። ወንዱ በመራቢያ ወቅቱ ላባ ለውጦ ይደምቃል። ወቅቱ ሲያልፍ እንደ ድንቢጥ ቡናማ ይሆንና ዓይን አይገባም። ስለዚህ "በወቅት ታየ" ማለት "ከሩቅ መጣ" ማለት አይደለም።

ብርቅ የሚባለው የትኛው ነው?

ብርቅነት የወፉ ብቻ ሳይሆን የቦታውም ጉዳይ ነው። አንድ ወፍ በትውልድ አገሩ በሽ ሆኖ እኛ ጋ አልፎ አልፎ ብቻ ሊታይ ይችላል። አንዳንዱ ደግሞ በዓለም ላይ በጣም ጥቂት ቀርቶ፣ ያ ጥቂቱ እኛ ጋ የሚከርም ሆኖ ይገኛል። የስቴፕ ንስር በዓለም ደረጃ ለመጥፋት ከተቃረቡት አንዱ ነው። በባሌ ተራሮች በበጋ እሱን ማየት ግን ያን ያህል ከባድ አይደለም። ስለዚህ "እዚህ አዘውትሬ አየዋለሁ" የሚለው ነገር ወፉ ደህና ነው ማለት አይደለም።

ሦስተኛም ዓይነት አለ። መንገዱን የሳተ ወፍ ነው። ብዙውን ጊዜ በዚያው ዓመት የተፈለፈለ፣ የመጀመሪያ ጉዞው የሆነ ወጣት ነው። ነፋስ ይገፋዋል ወይም አብሮት የተወለደው የአቅጣጫ ስሜት ያሳስተዋል። እንዲህ ያለውን ወፍ ለማየት ቀጠሮ መያዝ አይቻልም። ሌሎቹን ስትፈልጉ ድንገት ታገኙታላችሁ። ስለዚህ ፈልጋችሁ ልታገኟቸው የምትችሉትን ነው የማስቀድመው።

ከአዲስ አበባ ብዙ ሳይርቁ

ከከተማው በስተ ምዕራብ፣ በአምቦ መንገድ ላይ የገፈርሳ ግድብ አለ። ኩሬው ላይ ዓመቱን ሙሉ የሚታዩ የአገር ወፎች አሉ። ክንፉ ላይ ሰማያዊ ያለበት የእኛው ደጋ ዝይ አንዱ ነው። ከዝዩ ጋር ቢጫ መንቁር ያላቸው የአገር ዳክዬዎች ይዋኛሉ። እነሱን ስታዩ አትቸኩሉ። አንድ በአንድ ተመልከቷቸው። ከመሃላቸው መንቁሩ ጫፉ ላይ እንደ ማንኪያ የሰፋ ካገኛችሁ ሾቬለር ነው። አንገቱ ረጅም፣ ጭራው ሹል የሆነው ፒንቴይል ነው። ከዓይኑ በላይ ነጭ ቅንድብ ያለው ወንዱ ጋርጋኒ ነው። እነዚህ ሦስቱ በየዓመቱ በብዛት ይመጣሉ።

በብዛት የማይመጣው ፌሩጂነስ የሚባለው ዳክዬ ነው። መላ አካሉ ጥቁር ቀይ ቡናማ ነው። ከጭራው ሥር ቁልጭ ያለ ነጭ አለበት። የወንዱ ዓይን ደግሞ ነጭ ነው። ከሩቅ ሲታይ እንደ ጥቁር ነጥብ ስለሆነ ብዙ ሰው ያልፈዋል። አንገቱን ሲያቀና ዓይኑን፣ ሲዞር ደግሞ ከጭራው ሥር ያለውን ነጭ ጠብቁ። ሁለቱን ካያችሁ ጥርጣሬ አይቀርም።

ገፈርሳ የከተማው የመጠጥ ውሃ ስለሆነ ጥበቃ አለው። አቅርቦ ማያ መነጽር ወይም ካሜራ ከማውጣታችሁ በፊት ጥበቃዎቹን አናግሩ። ይህ ለሁሉም ግድብ ይሠራል። በትሕትና የጠየቀ ሰው ብዙ ጊዜ ይፈቀድለታል፤ እምቢ ከተባለም ሌላ ቦታ ሞልቷል።

ከእንጦጦ ጀርባ የሱሉልታ ሜዳ አለ። እዚያ የሚፈለገው ሃሪየር የሚባለው ቀጭን፣ ክንፈ ረጅም አዳኝ ወፍ ነው። ከሣሩ በላይ አንድ ሁለት ሜትር ብቻ ከፍ ብሎ፣ ክንፉን ወደ ላይ ሰበር አድርጎ ቀስ ብሎ ይበራል። ድንገት ተገልብጦ ሣሩ ውስጥ ይወርዳል፤ አይጥ ወይም ፌንጣ አይቶ ነው። የፓሊድ ሃሪየር ወንዱ ነጭ ሊባል የሚችል ፈዛዛ ግራጫ ነው፤ የክንፉ ጫፍ ላይ ብቻ ጠባብ ጥቁር አለ። የሞንታጉ ሃሪየር ወንዱ ጠቆር ያለ ግራጫ ሆኖ ክንፉ ላይ ጥቁር መስመር አለው። ሴቶቹና ወጣቶቹ ቡናማ ናቸው። እነሱን መለየት ልምድ ላለው ሰውም ይከብዳል። "ሃሪየር" ብሎ መዝግቦ ማለፍ ነውር የለውም።

እዚያው ሜዳ ላይ ከብቶቹን አትርሱ። ላሞቹ ሲረግጡ ሣሩ ውስጥ ያሉ ነፍሳት ይነሳሉ። ሆዳቸው ቢጫ የሆነ፣ ጭራቸውን ከፍ ዝቅ የሚያደርጉ ትንንሽ ወፎች ከሰኮናው ሥር እየሮጡ ይለቅማሉ። ቢጫ ዋግቴይል ይባላሉ፤ ሁሉም ከሩቅ የመጡ ናቸው። የወንዶቹን ራስ ብታዩ አንዱ ግራጫ፣ አንዱ ጥቁር፣ አንዱ ቢጫ ነው። ልዩነቱ የመጡበትን አካባቢ ያመለክታል። ጥቁር ራስ ያለው በጥቁር ባሕርና በካስፒያን አካባቢ የሚራባው ነው። 

በደቡብ በኩል የአባ ሳሙኤል ግድብና የአቃቂ ረግረግ አለ። ትንሽ አለፍ ሲል ቢሾፍቱ ነው። ቢሾፍቱ ብዙ ሐይቆች አሏት፤ ለወፍ ግን ጨለለቃን ነው የምመርጠው። ሌሎቹ ሐይቆች ገደል ያላቸውና ጥልቅ ናቸው። ጨለለቃ ጥልቀት የለውም፤ እንደ ዝናቡ መጠን ይሰፋል ይጠባል። ወፎች የሚወዱትም ይህንኑ ነው። ቆመው የሚበሉ ወፎች ከጉልበታቸው በላይ ውሃ አይፈልጉም።

ክሬን ፍለጋ

ክሬን ስለሚባለው፣ እግሩም አንገቱም ረጅም ስለሆነው ትልቅ ወፍ ሰፋ አድርጌ ማውራት አለብኝ፤ የበጋው ትልቁ ትዕይንት እሱ ነውና።

በአገራችን የሚኖሩ ሁለት የክሬን ዝርያዎች አሉ። አንዱ ራሱ ላይ እንደ ዘውድ የቆመ ወርቃማ ላባ አለው። ሌላው ከጉንጩ ሥር ሁለት ሥጋ የተንጠለጠለበት፣ አንገቱ ነጭ የሆነ ትልቅ ወፍ ነው። ከሩቅ የሚመጣው ግራጫው ክሬን ነው። አንገቱ ጥቁርና ነጭ ነው፣ አናቱ ላይ ትንሽ ቀይ ምልክት አለው። ከፊንላንድና ከኢስቶኒያ በሳተላይት መሣሪያ ክትትል የተደረገባቸው ክሬኖች ኢትዮጵያ ደርሰው ከርመዋል።

ዋናው መሰብሰቢያቸው የጣና ሐይቅ አካባቢ ነው። ጣና እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ የባዮስፌር ክልል ሆኖ ተመዝግቧል። ከሐይቁ በስተ ምሥራቅ የፎገራ ሜዳ አለ። እዚያ ሸሸርና ወለላ የሚባሉ ረግረጎች አሉ። በበጋ ክሬኖቹ በአሥር ሺዎች ይሰበሰባሉ። ቀን ቀን የታጨደ ማሳ ላይ ቃርሚያ ሲለቅሙ ይውላሉ። ማታ ውሃ ውስጥ ቆመው ያድራሉ። ውሃ ውስጥ የሚያድሩት ለጥንቃቄ ነው። ቀበሮም ሆነ ውሻ ሲመጣ የውሃው ድምፅ ያነቃቸዋል።

ይህን ካወቃችሁ መቼ መሄድ እንዳለባችሁ ታውቃላችሁ። ጀምበር ልትጠልቅ አንድ ሰዓት ሲቀራት ከማደሪያቸው ራቅ ብላችሁ ተቀመጡ። መጀመሪያ ድምፃቸው ይመጣል፤ እንደ መለከት የሚጮህ፣ ከኪሎ ሜትሮች የሚሰማ ድምፅ ነው። ከዚያ ተሰልፈው ይደርሳሉ። አንዱ ቡድን ሲያርፍ ሌላው ይከተላል። እየጨለመም መምጣታቸው አይቆምም። አትጠጓቸው። አንዴ ከደነገጡ ሁሉም ይነሳሉ፤ በጨለማ ሌላ ማደሪያ መፈለግ ደግሞ ለእነሱ ትልቅ አደጋ ነው።

ጣና ሩቅ ከሆነባችሁ ጨለለቃና አባ ሳሙኤል አካባቢም ክሬን ይከርማል። ቁጥሩ ያንሳል እንጂ ትዕይንቱ አይከፋም። የት እንደዋሉ ለማወቅ ከሁሉ የሚሻለው እረኛ መጠየቅ ነው። በየትኛው ማሳ እንዳረፉ፣ በየት በኩል እንደሚነሱ እረኞች ያውቃሉ። ገበሬ ማሳ ውስጥ ከመግባታችሁ በፊት ደግሞ ሰላም በሉና አስፈቅዱ። ለገበሬው ክሬን ሁልጊዜ ደስታ አይደለም። ያልታጨደ ወይም አዲስ የተዘራ ማሳ ላይ ካረፈ ያጠፋል። ቅሬታውን ብትሰሙ ትክክለኛ ቅሬታ ነው።

ስምጥ ሸለቆ

ዝዋይ ከተማ፣ ደምበል ሐይቅ ዳር፣ ዓሣ አጥማጆች ጀልባቸውን የሚያስጠጉበት ቦታ አለ። ዓሣው እዚያው ይጸዳል፤ ተረፈ ዓሣውን የሚጠብቁ አባ ኮዳዎችና ፔሊካኖች ሰው አይፈሩም። ብዙ ጎብኚ እነሱን ፎቶ አንስቶ ይመለሳል። እናንተ ከእነሱ ጀርባ ውሃው ላይ የሚያንዣብቡትን ነጫጭ ሲጋሎች እዩ። ራሱ ግራጫ የሆነው የአገሩ ነው። በበጋ ራሱ ነጭ ሆኖ ከዓይኑ ኋላ ጥቁር ነጥብ ያለው ትንሹ ከአውሮፓ የመጣ ነው። ከሁሉም በጣም ገዝፎ የሚታይ፣ የካቲት አካባቢ ራሱ ጥቁር እየሆነ የሚሄድ ካለ የፓላስ ሲጋል ሊሆን ይችላል። ይህኛው በእርግጥ ብርቅ ነው። ሐይቁ ዳር ጉማሬ ስላለ ጠዋትና ማታ ሸንበቆ ውስጥ አትግቡ።

ወደ ደቡብ ስትቀጥሉ አብጃታ ሐይቅ ይመጣል። ውሃው ጨዋማ ነው። ፍላሚንጎ የሚበላውን ረቂቅ ዋቅላሚ የሚያበቅለውም ለዚህ ነው። በበጋ ዳሩ ላይ በሺዎች የሚቆጠሩ የጭቃ ወፎች ይሰማራሉ። ትንንሾቹ ከድንቢጥ ብዙም አይበልጡም፤ ከሰሜን ዋልታ አካባቢ የመጡ መሆናቸውን ማመን ይከብዳል። እዚህ ደረቅ እውነት መናገር ያስፈልጋል፤ አብጃታ እየሸሸ ነው። ወደ እሱ የሚፈስሰው ውሃ ለመስኖ፣ የራሱም ውሃ ለሶዳ አሽ ምርት ሲወሰድ ቆይቷል። የቆየ መጽሐፍ ላይ "የሐይቁ ዳር" ተብሎ የተጻፈው ቦታ ዛሬ ደረቅ ሜዳ ነው። መኪና ይዛችሁ ወደ ውሃው አትንዱ፤ ከላይ የደረቀ የሚመስለው ጭቃ ይውጣል።

ሐዋሳ ላይ አሞራ ገደል ለጀማሪ ጥሩ ቦታ ነው። ወፉ ቅርብ ነው፣ መንገዱ ቀላል ነው፣ ሕፃናትም ይዞ መሄድ ይቻላል።

ደጋው ላይ፦ የራሰ በራው ጋጋኖ ነገር

ጋጋኖን የማያውቅ የደጋ ሰው የለም። እየጮኸ በመንጋ የሚበር፣ መንቁሩ ወደ ታች የቆለመመ ወፍ ነው። የእኛው ጋጋኖ ራሱ ላባ አለው፤ ሲበር ክንፉ ላይ ነጭ ይታያል። የሱ ዘመድ የሆነ፣ በዓለም ላይ በጣም ጥቂት የቀረ አንድ ወፍ አለ። ራሱና ፊቱ ላባ የለውም፤ ቀይ ነው። ከማጅራቱ ረጃጅም ላባዎች ይንጠለጠላሉ። ክንፉ ላይ ነጭ የለም።

ይህ ራሰ በራው ጋጋኖ ከሶሪያ ጠፍቷል ተብሎ ሲታሰብ፣ እ.ኤ.አ. በ2002 በፓልሚራ በረሃ ሰባት ብቻ ተገኙ። በበጋ የት እንደሚሄዱ ማንም አያውቅም ነበር። በ2006 ሦስቱ ላይ የሳተላይት መሣሪያ ታሰረ፤ ሰላም፣ ሱልጣንና ዘኖቢያ የሚል ስም ወጣላቸው። ወፎቹ በዮርዳኖስ፣ በሳዑዲ ዓረቢያና በየመን አድርገው ቀይ ባሕርን ተሻገሩ። የደረሱት ከአዲስ አበባ በስተ ሰሜን ምሥራቅ ያለው የእኛ ደጋ ላይ ነው። ገበሬ በሚያርስበት፣ ከብት በሚሰማራበት ሜዳ ላይ ይከርሙ ነበር።

ከዚያ ጦርነት መጣ። በ2015 ፓልሚራ በታጣቂዎች እጅ ስትወድቅ ወደ ኢትዮጵያ የሚወስደውን መንገድ የምታውቀው የመጨረሻዋ ወፍ ዘኖቢያ የገባችበት ጠፋ። እነዚህ ወፎች መንገዱን የሚማሩት ከትልልቆቹ ጋር በመብረር ነው። የሚያውቀው ከጠፋ መንገዱም አብሮ ይጠፋል። ቱርክ ውስጥ በሰው እንክብካቤ የሚራባ መንጋ አለ።

ስለዚህ በደብረ ብርሃን መንገድ የምትጓዙ ሁሉ፣ የጋጋኖ መንጋ ስታዩ አንድ ጊዜ ቆም በሉ። እያንዳንዱን ራስ ተመልከቱ። ቀይ፣ ላባ የሌለው ራስ ካያችሁ ፎቶ አንሱ፤ ቀኑንና ቦታውን ጻፉ። እንዲህ ያለ መረጃ ለዚህ ዝርያ ትልቅ ዋጋ አለው።

የስቴፕ ንስርን ለሚፈልግ ከባሌ ተራሮች የሳነቴ አምባ የተሻለ የለም። ከ4,000 ሜትር በላይ ነው። ንስሮቹ ሣሩ ላይ ያሉትን አይጦች እያደኑ ይከርማሉ፤ ድንጋይ ላይ ወይም መሬት ላይ ተቀምጠው ታገኟቸዋላችሁ። የጎልማሳው የአፉ ቢጫ ጥግ እስከ ዓይኑ ጀርባ ድረስ ይዘልቃል፤ ዋናው መለያው ይህ ነው። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ2023 የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል።

አፋር ደግሞ ለግብፅ ጥንብ አንሳ ነው። ጎልማሳው ነጭ ነው፣ ፊቱ ቢጫ ነው፣ የክንፉ ጫፍ ጥቁር ነው። ከባልካን፣ ከቱርክና ከካውካሰስ ይመጣል። አመሻሽ ላይ በትልልቅ የኤሌክትሪክ ምሰሶዎች ላይ በመቶዎች ተሰብስበው ያድራሉ። የኤሌክትሪክ ምሰሶ ግን ማረፊያም ገዳይም ነው። ከፖርት ሱዳን የሚነሳ አሮጌ መስመር በአሥርተ ዓመታት ውስጥ ብዙ ጥንብ አንሳዎች ከገደለ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2014 አገልግሎቱ ቆሟል። አሁን በየቦታው የሚተከሉት ምሰሶዎች ወፍ እንዳይገድሉ ሆነው ቢሠሩ ወጪው ከባድ አይደለም። ሽቦው ከምሰሶው በቂ ርቀት እንዲኖረው ወይም በመከላከያ እንዲሸፈን ማድረግ ነው።

ስትወጡ

ጠዋት ማለዳ ውጡ። ከ12 ሰዓት ተኩል እስከ 4 ሰዓት ያለው ጊዜ ከቀኑ ሁሉ ይበልጣል። ንስርና ሽመላ ለማየት ግን ከ4 ሰዓት በኋላ ጠብቁ፤ መሬቱ ሳይሞቅ አይነሱም። ፀሐይን ከኋላችሁ አድርጉ። ፀሐይ ፊት ለፊት ከሆነች ሁሉም ወፍ ጥቁር ነው።

መነጽር ካላችሁ 8 ጊዜ የሚያቀርብ ይበቃል። 10 ጊዜ የሚያቀርበው እጅ ሲንቀጠቀጥ ምስሉን ያወዛውዛል። መነጽር ከሌላችሁ በስልክ ፎቶ አንስታችሁ አጉልታችሁ እዩ። መርሊን የሚባለው የስልክ መተግበሪያ በፎቶና በድምፅ ወፍ ለመለየት ይረዳል። ኢበርድ ደግሞ ያያችሁትን ለመመዝገብና ሌሎች የት ምን እንዳዩ ለማወቅ ነው። መተግበሪያው የሰጣችሁን ስም ግን እንዳለ አትቀበሉ። መጠኑን፣ መንቁሩን፣ እግሩንና ክንፉን ራሳችሁ ተመልክታችሁ አመሳክሩ። ብርቅ ነገር ባያችሁ ቁጥር መጀመሪያ "የተለመደው ወፍ ወጣት ይሆን? ወይስ ሴቷ ናት?" ብላችሁ ጠይቁ።

ዓለም አቀፉ የውሃ ወፎች ቆጠራ በየዓመቱ በፈረንጆች ጥር ይካሄዳል። የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1967 ነው። እኛ ጋ እ.ኤ.አ. በ1966 የተመሠረተው የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር በወፎችና በመኖሪያቸው ጥበቃ ላይ ይሠራል። ማኅበሩ እ.ኤ.አ. በ1996 ለወፎች ጥበቃ ቁልፍ የሆኑ 69 ቦታዎችን ለይቶ አሳትሟል። ሱሉልታና አቃቂም ከዝርዝሩ ውስጥ አሉ።

እግሩ ላይ የብረት ወይም የፕላስቲክ ቀለበት ያለው ወፍ ካያችሁ ፊደሉንና ቁጥሩን ለማንበብ ሞክሩ። ጀርባው ላይ ትንሽ መሣሪያና ሽቦ ያለበት ወፍ ካያችሁ ደግሞ አትደንግጡ፤ የስለላ ዕቃ አይደለም። የጉዞውን መስመር ለማወቅ ተመራማሪዎች ያሰሩት ነው። ወፉ በሕይወት ካለ ተዉት። ሞቶ ከተገኘ ቀለበቱንና መሣሪያውን ፎቶ አንስታችሁ፣ የተገኘበትን ቦታና ቀን ጽፋችሁ ለአካባቢው የዱር እንስሳት ጽሕፈት ቤት ወይም ለማኅበሩ አሳውቁ። ቀለበቱ ላይ ብዙውን ጊዜ ወፉ ከየትኛው አገር እንደመጣ ተጽፎ ይገኛል።